ከወዲህ ሠላሳ ሁለት

ቫልጋ ላይ፣ በጥር፣ በረዶው መስኮቱን ሲገፋ፣
ኡርማስ ይነሣል፣ ከሌሊቱ እኩሌታ፣ እንቅልፉ ሲጠፋ።
ካልሲውን ያጠልቃል፤ መብራት አያበራም፤
ሠላሳ አራት ዓመት ቦይለር ያነደደ ሰው ጨለማ አይፈራም።

ያኔ እጁ ነበር ጌጁ። መዳፉን ቧንቧው ላይ ያሳርፍና
«ሰማንያ ሁለት» ይላል፤ ሰዎቹ ሄደው ያዩና
አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።
ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ ከሐዲዱ ማዶ ያለው ሠፈር፣
ሁሉም በሱ መዳፍ ግምት ይሞቅ ነበር።

ዛሬ የሚያሞቀው አንድ የመስታወት ሣጥን፤
ሁለት ክንድ ርዝመት፣ ውስጡ ቅርፊት፣ ጎድጓዳ ግንድ፣ አንዲት ፓይተን።
መና ትባላለች፤ ሆዷ እንደ ገንፎ የነጣ፣
ጀርባዋ ከድስት ሥር ተፍቆ እንደወጣ
ያረረ ስኳር።
ኬርቱ ናት፣ የልጅ ልጁ፣ ስሙን ያወጣችላት፣
ታርቱ ለትምህርት ስትሄድ አደራ የሰጠችላት፣
መስታወቱ ላይ ወረቀት ለጥፋ፣
በቀይ፣ በትልልቁ፣ ከዐይኑ እንዳይጠፋ፦

«ከወዲህ ሠላሳ ሁለት።
ከወዲያ ሃያ ስድስት።
ሁለቱም ያስፈልጓታል፤ መምረጥ የሷ ፈንታ።
አያቴ፣ እባክህ፣ በእጅህ አትገምታ።»

ቅር አለው። በእጅህ አትገምት ይባላል እንዴ እሱ?
ግን ዋጠው፤ ያዘዘችው ኬርቱ ናት፣ ያቺ ነፍሱ።
መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ክብ ቴርሞሜትር ነበረ፤
መርፌው ሠላሳ ሁለት ላይ ችክ ብሎ አደረ።

መና ግን ታኅሣሥን ሙሉ የውሃውን ጣሳ አቅፋ፣
ከሚሞቀው በኩል ድርሽ አላለችም።
በረዶው የለቀቀ አይጥ በወረንጦ ሰጣት፤
ምላሷን አሳየችው እንጂ አልነካችም።

ናፍቆት ነው አለ ኡርማስ። ልጅቷ ናፍቃት ነው።
ሰው ብቻ ነው እንዴ ሆዱ የሚባባው?
ደብዳቤም ጀመረ፦ «ኬርቱዬ፣ መና አዝናለች፤
ጥጓን ይዛ ተቀምጣ በር በሩን ታያለች» —
ሰረዘው።
እባብ ሩቅ አይለይም።
ወንበሩን ወደ በሩ ያዞረውም መና አልነበረችም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤
ጎረቤቱ ሄልዩ ሳታይም በርያለች፤
ሣጥኑ ከገባ ወዲህ ደጃፉን አላለፈች።
የዚያን ቀን ጃም ታፈላ ነበር፤ ሽርጧ ቀይ ነጠብጣብ፤
ከደረጃው ቆማ ሰማችው፣ ስለማትበላው እባብ።
«እኔ ድስቴ ሲያምጽብኝ የምጠይቀው ይህን ነው» ብላ
የጃሟን መለኪያ ዘረጋችለት፣ ዐይኗን ወደ ውጭ ጥላ።

ብረቱ ይጣበቃል፣ ስኳር ስኳር ይላል።
ከቅርፊቱ ሥር፣ የኤሌክትሪክ ምንጣፉ ካለበት፣ ሰክቶት ይጠብቃል።
ሠላሳ አምስት።
ሠላሳ ስምንት።
አርባ አንድ።
ክቡ መርፌ፣ ከላይ፣ ያው፣ ሠላሳ ሁለት።

አየሩን ነበር የሚለካው፤ ሆድ የሚተኛበትን ማን ጠየቀ?
ናፍቆት አልነበረም። ወለሉ ነበር የጋለው፣ ያሳቀቀ።
ቧንቧ ሲግል ያንኳኳል፣ ያጉረመርማል፣ ይናገራል፤
እባብ ግን ዝም ብሎ ፈቀቅ ይላል።

የመሣሪያ ሣጥኑን አወጣ፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ፤
ቴርሞስታት ገዛ፣ ሽቦውን ወለሉ ላይ አጣበቀ፤
ቁልፉን ፀጉር በፀጉር አዞረ፣ እንደዚያ ዘመን፣ ግን ቁጥር እየጠየቀ፤
መና እንዳትቀር መና።

በሦስተኛው ሌሊት ጣሳውን ለቀቀች።
መጀመሪያ ምላስ፣ ከዚያ አንገት፣ ከዚያ የቀረው ሁሉ፣ ቀስ እያለች፣
ከወዲህ መጥታ ተጠቀለለች። እሑድ በላች።

ሄልዩ መለኪያዋን መልሳ አልተቀበለችም።
«ሌላ እገዛለሁ» አለች፤ በሩን ግን አልዘጋችም።

ማታውን ስልክ ደወለ። «መና በላች» አላት።
ሳቀች ኬርቱ፤ መጨረሻው ላይ ሳቋ ቀጠነባት።
«ክፍልሽስ ይሞቃል?»
«ይሞቃል፤ ደህና ነኝ፣ አያቴ።»

ዱሮ ቢሆን ይበቃው ነበር።
አሁን ግን የጃሙን መለኪያ በጣቱ እያሻሸ፣
«በምን ለካሽው?» አላት።

መልሱ ዘገየ። አልቸኮለም ኡርማስ፤
ጠበቀ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ድረስ።