እንደገና በይ

የአስራ አምስት ቀን እረፍት ነው፣ ከዚያ ተመላሽ ሃይደራባድ፤
መስኮት ወደሌለው ክፍል፣ አረንጓዴ ነጥብ ላሳድድ።
ዛሬ ግን ኮምቦልቻ ነኝ፣ ከሽቦው አጥር ወዲህ፤
አባቴ በትሩን ይዞ «ሂድ! ዙር! በዚያ! በዚህ!»
አህያ ያባርራል፤
ለጠዋቱ አውሮፕላን ሩብ ሰዓት ቀርቶታል።

ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው፤ ሰማዩን በጆሮው ሲጠብቅ፣
ማንም ሳይሰማ ሰምቶ ከሜዳው ፍየል ሲያርቅ።
«ዘምዘም፣ ስንቴ ልንገርሽ፤ ይኼ ሣር የመንግሥት ነው!»
«መንግሥት ሣር ይበላል እንዴ? የሚርበው የኔ ነው።»
የደመወዙ ወረቀት ግን «ጥበቃ» ይለዋል፤
አጥር ብቻ የሚጠብቅ ይመስለዋል።

እዚያ እኔ የማዝበት ሜዳ ፍየል አያውቅም፤
ዝናቡ በቁልፍ ይዘንባል፣ ጫማ አያጨቀይም።
በመጀመሪያው ሳምንት አስተማሪዬ ራኦ
ሦስትን በእንግሊዝኛ «ትሪ» በሉ አለን፤
ምላስ በጥርስ መሃል የሚያወጣው ድምፅ
ሬዲዮ ላይ ይሟሟል፣ አብራሪውን ያሳስታል ብሎ።
ሳቄ አመለጠኝ።
ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ቲቸር አስቻለው
ምላሴ ከጥርሴ አልወጣ ቢለው፣
«ትሪ» ባልኩ ቁጥር መዳፌን በአለንጋ ያቀላው፣
ለካ የሰማይ ሕግ ነው!

ከዚያ ጥቅምት መጣ። ሁለት ነጥብ፣ አንድ ከፍታ፤
አንደኛውን «ውረድ» ልለው፣ ዘገየሁ ለአንድ አፍታ።
ነጥቦቹ ተጠጉ፣ ተደራረቡ፣ አንድ ሆኑ፤
ደም መሰለ ስክሪኑ።
«ሁለት መቶ አስራ አራት ሰው» አለ ራኦ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣
«የሻይ እረፍት» አለና ወጣ።
ሁለት መቶ አስራ አራት ሰው ገድዬ ሻይ ጠጣሁ።
ስኳር ጨመርኩበት።
ማታ ነው እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው፣
ጥርሴን ስቦርሽ።

አባቴ ጋ ደወልኩ። መስመሩ ይቆራረጣል፤
እሱም ልማዱ ነው፣ የሰማውን ይደግማል።
«ወደቅሁ» አልኩት።
«ወደቅሁ አልሽ።»
«ፈተናው ኅዳር ላይ ይደገማል።»
«ኅዳር ላይ ይደገማል።»
«ብር እንዳትልክ።»
«እሱ አልተሰማኝም። እንደገና በይ።»
«ብር እንዳትልክ!»
«አልተሰማኝም ልጄ፣ ይቆራረጣል።»

ራኦ ሦስት ወር የለፋበትን ነገር፣
የነገሩህን ቃል ሳታጎድል መልሰህ መናገር፣
አባቴ ከየት ተማረው?
ለማጎደሉስ ቢሆን ማን እንዲህ አሠለጠነው?

መጣ። ከቦርከና ማዶ ክንፉን ዘመም አደረገ።
ጎማው ጭስ ሲተፋ የአባቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤
ምን እንዳለ አልሰማሁም፤
ብቻ ትከሻው ረገብ አለ፣ በትሩን ይዞ ተመለሰ።
ሰው ወረደ። ሻንጣ ወረደ። አንድ ሕፃን አለቀሰ።
ወደ ይመር ዞሮ ያየ የለም።

ከሰዓት ደሴ ልወጣ ነው፣ ወረቀቴ ማኅተም ይፈልጋል፤
ሐረጎን ጭጋግ ውጦታል፣ መንገድና ገደል ተመሳስሏል።
ሹፌሩ ኩርባ በደረሰ ቁጥር ጥሩምባውን ይነፋል፣
ፍሬኑን ረግጦ ያዳምጣል፤
ከላይ ሌላ ጥሩምባ ከመለሰ፣ ጥጉን ይዞ ይቆማል።
ራዳር የለ፣ ማማ የለ፤
ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ
ነጩን ነገር ያሸታል።

«ምንድን ነው የምትማሪው?» አሉኝ ከጎኔ ያሉት ሴት፣
የሽንኩርት ዘንቢላቸውን በጉልበታቸው አቅፈው።
ክንፍ፣ ከፍታ፣ ርቀት ልል ብዬ
«ይኼንን» አልኳቸው።
«ጥሩምባ?»
«አዎ። ጥሩምባ።»
አዘኑልኝ መሰለኝ፤ አንድ ሎሚ ሰጡኝ።

ቀጣዩ ኩርባ ደረሰ። ሹፌሩ ነፋ።
ሚኒባሱ ሁሉ ዝም አለ።
ሎሚውን ጨብጬ ቆጠርኩ፦
አንድ፣
ሁለት፣
ትሪ