ባቦር

አባቴ፣ ሙሔ ይማም፣ የወፍጮው ባለቤት፣
በዘይት ጣቶቹ፣ በሂሳብ ደብተር ፊት፣
"ባቦር" ይለው ነበር፣ በ"ቦ"፣ እንደ ቦርከና።
መምህሬ "ቡ ነው!" ብለው፣ ማስመሪያ አነሡና
መዳፌ ላይ አረሙት።
እኔ "ቡ"ን ለመድኩ። እሱ ግን እስኪሞት
"ቦ"ውን አልለቀቀም፤
"ድምፁን ስማው" ይል ነበር፣
"ቦር ቦር ነው የሚል፣ ቡር ቡር አይልም።"

ዛሬ ሱቄን ዘግቼ ደብተሩን ብገልጠው
አንድ ገጽ ላይ ሦስቴ አለ፤ ሦስቱም ሌላ ነው።

"ለባቦር ግራሶ፣ አንድ ብር ካምሳ።"
ይኸኛው ወፍጯችን፤ ሲነሣ ቤቱን ይዞ የሚነሣ።

"በባቦር ደሴ ወጣን፤ ሐረጎ ላይ ፈላ።"
ይኸ ካሚዮን ነው፣ ጥልያን ጥሎት የሄደ፤
ዳገት ሲይዘው እንደ በቅሎ ውሃ የሚጠጣ፣
ተሳፋሪ ወርዶ የሚገፋው ከኋላ።

"አባባ አሰብ ደርሰው፣ ባሕር ላይ የሚሄድ ባቦር አየሁ ብለው ማሉ።"
ይኸስ መርከብ ኖሯል፤ ምስክር ቢጠየቁ፣
ጨው ከጫኑት ግመሎች በቀር የለኝም አሉ።

ከገጹ ግርጌ ደግሞ፣ በእርሳስ፣ ደብዝዞ፦
"ባቦሩ ይመጣል ተብሏል። እንጠብቃለን።"
የትኛው? ቀን የለውም።
እናቴ ዘሐራ "አዲሱ ሞተር ነው" ትላለች፣
"ቀብዱን ከፍሎ፣ ሰውየው ካስመራ ሳይመለስ የቀረበት።"
እኔ ግን ከኮምቦልቻ ዳር፣ ሐዲዱ የተዘረጋበት፣
የጣቢያው መስታወት አቧራ የለበሰበት፣
አንድ ቀን ሄጄ፣ እጄን ብረቱ ላይ አኑሬ፣
እንደ ሐኪም ትርታ ፈልጌአለሁ።
ሙቀት አለው፤ የቀትር ፀሐይ ነው።
ያ የአባቴ መስመር፣ ያኔ ባይሆንም፣ ምናልባት
ይኸን ይጠብቅ ይሆናል።

የእኅቴ ልጅ ሐያት አንደኛ ክፍል ናት።
መጽሐፏ ላይ "ባ" አለ፤ ከአጠገቡ ሥዕል፣
ረጅም፣ ባለ ብዙ መስኮት፣ ሐዲድ ላይ የቆመ።
ጣቷን ጫነችበት።
አየችው። ገረመማት። ወደ ወፍጮው ዞረች፤
"ይኼ ባቡር አይደለም" አለች፣ "ዱቄቱስ የታለ?"

ላርማት አፌን ስከፍት መዳፌን በላኝ፣
እዚያው፣ ማስመሪያው ያረፈበት።
ሳክከው ያየችኝ እናቴ፣ ከደጅ፣ ወንፊቷን ሳታስቀምጥ፦
"መዳፍ ሲበላ" አለችኝ፣ "የሚመጣ ነገር አለ።"