የዜሮ ወገብ

ዓጅማን፣ ጁርፍ ሰፈር፣ ቆርቆሮው በጋለበት፣
ከሲሚንቶ ፋብሪካው ጀርባ፣ አቧራ በማያርፍበት፣
አርባ ሁለት ካርቶን ወረደ ከቆጡ፣
ስምንት ዓመት አይጦች ጠርዙን እየጋጡ።
ውስጡ ኮፍያ ነው፤ ሰማያዊ፣ ምላሱ ያልታጠፈ፣
ግንባሩ ላይ «ሃርዊክ» ተብሎ በነጭ ክር የተጠለፈ፣
ከሥሩ ዓመተ ምሕረቱ፦ ሁለት ሺህ።
ሦስት ዜሮ። ሦስት የተከፈተ አፍ።

ማን ነው ሃርዊክ? አልኩ። ቫርጌስ፣ የኬረላው አለቃችን፣
ላቡን በመሐረብ ጠርጎ ነገረን ለሁላችን፦
«የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር፤ በሁለት ሺህ ተሸነፈ፤
ትዕዛዙ መርከብ ሳይሳፈር ወንበሩ ከእጁ አለፈ።
አሁን ደግሞ ተመልሶ ልሹም ይላል፤ ወሬው ሰፋ።
አቡ ኡበይድም ‹ያለውን አድሱ› አለ፣ ‹ጨርቅ በከንቱ አይጥፋ›።
የመጨረሻዋን ዜሮ ወገቧን በክር እሰሩ፤
ስምንት ትሆናለች። ሌላውን አትንኩ። ጀምሩ።»

እውነትም፤ ዜሮን መሐሏን ጠበቅ አድርገው ሲያስሯት
ባዶ ሆዷን ይዛ፣ አንጀቷን አስራ የቆመች ሴት ናት።

ሸፋሊ፣ የሲልሄቷ ልጅ፣ ክሯን በምራቅ አርሳ፣
«ሰው የጣለውን መልሶ ያነሣል?» አለችኝ ራሷን ሳታነሣ።
ምን ልበላት? የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ዘበኛ የነበረው አባቴ፣
ስንቱን ሥራ አስኪያጅ በር ከፍቶ ያስገባ፣ በር ከፍቶ የሸኘ፣
«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይል ነበር።
ይህኛው ግን የበላ ይመስለኛል።
ሳህኑ ነው የናፈቀው።

ከማሽኖቹ በላይ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ይበራል፤
ሽማግሌው፣ ቅንድበ ነጭ፣ ለሕዝቡ እጁን ያወዛውዛል።
አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የእኔ ማሽን ትናገርለታለች፦
ተክ ተክ ተክ ተክ።
ከእርሱ ሳትሻል አትቀርም፤ ቢያንስ መስመር ትጠብቃለች።

ስምንት ዓመት። እኔም በዚያው በፈረንጁ ሁለት ሺህ ነው የወጣሁት፣
በነጠላ ጫማ፣ በሻርጃ እስር ቤት በኩል፣ ሻንጣዬን ሰው ቤት የተውኩት።
ያኔ ደብሪቱ ነበርኩ፤ ከአሠሪዋ ጠፍታ የተያዘች።
አሁን ዘምዘም ነኝ፤ በደላላ ብዕር አራት ዓመት ያነሰች።
የእኔም አንዲት ቁጥር ወገቧ ታስሯል እንግዲህ።
መድረክ አልቆመልኝ። የኤርፖርቱ ወታደር ማኅተሙን ሲመታ
ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ስልክ ላይ ነበር፣ ይስቃል።
እርሱ ተመላሽ፣ እኔ ተመላሽ፤
እርሱ ወንበር ብሎ፣ እኔም ወንበር ብዬ።
የእኔው ፕላስቲክ ነው፤ አንድ እግሩ በሽቦ የተጠገነ።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ሦስት መቶኛዋን ዜሮ ሳስር፣
እጄ ቆመ። ሳቄ አመለጠኝ።
ሰኔ ሁለት ሺህ!
በእኛ አቆጣጠር ዛሬ ሰኔ ሁለት ሺህ ነው!
እናቴ ግድግዳ ላይ፣ ከጤፍ ነጋዴው በነጻ ያገኘችው ወረቀት ላይ፣
ኮፍያው አልዘገየም።
መርከቡ ወደብ ላይ ነው፤ ምርጫው ገና ነው፤ ሃርዊክም አልተሸነፈ።
ደብሪቱም ገና አልተያዘችም፤
በኋላ በር ወጥታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እየሮጠች ነው።

«ምን ሆንሽ?» ትላለች ሸፋሊ። እንዴት ብዬ ላስረዳት፣
ዓመቱ ዘግይቶ የሚደርስበት አገር እንዳለኝ?
«ሙቀቱ ነው» አልኳት።

አንዲቷን ዜሮ አላሰርኳትም። ወገቧን እንደ ፈታች ትቻት፣
ከካርቶኑ ታች፣ ከታሠሩት መሐል ሸሸግኳት።
ቫርጌስ መጥቶ ቆጠረ፤ እርሱ ራስ እንጂ ዓመት አይቆጥርም፤
«ልክ ነው» አለ፣ አሸገው።

ኅዳር ላይ፣ በማላውቀው ሜዳ፣ አንድ ሰው ደፍቷት ሲቆም
«ጊዜው አልፎበታል» ይሉታል።
ይበሉት።