ርገጪ! ያዢ!

ከደንገጎ ቁልቁል በእጅ ፍሬን ወርዳ፣
ቀይዋ አልፋ መጣች እንደ ከሰል ነድዳ።
ሬድዋን ባለቤቷ ላቡን እየጠረገ፣
«ፔዳሉ ጭቃ ነው» አለና ወንበር ፈለገ።

ሸራው ገና አዲስ ነው። ዘይቱ አልጎደለም።
ጎሚኒ ቀየርን፣ ለውጥ የሚባል የለም።
ጋሽ ዚያድ ከሥሯ ገባ፣ እኔ ከመሪው ፊት፣
ቆርቆሮው ሲንጣጣ በከዚራ ግለት።

«ርገጪ!»
        ረገጥኩ።
«ያዢ!»
        ያዝኩ።
«ልቀቂ!»
አየር የለም። ዘይት ብቻ፤ ጠብ፣ ጠብ።
«ድገሚ፣ አትሳቂ!»

ስንት ጊዜ እንደሆን መቍጠሩን ተውኩት፤
ባቴ ዛለብኝና በግራ ቀየርኩት።

ኋላ ጸጥ አለና «ነይ ውረጂ» አለኝ፤
«ሬድዋን ይርገጥልን።» ባትሪ አበራልኝ።
የጎማ ቱቦዋ ከላይ ደህና ናት፤
ሲረግጣት አበጠች፣ እንደ ጓጉንቸር አንገት።
«ያየሽ እንደሆነ፣ እግሩስ አልደከመም፤
ጉልበቱን ቱቦ በላው፣ ጎማው ጋ አልደረሰም።»

ቱቦው ተለወጠ። ማታ ለሙከራ
ሬድዋን ይዞን ነዳ ወደ ቀፊራ።
ፍየል ዘላ ገባች፤ ረገጠ በድንገት፤
ቀጥ!
ከማንጎው ዘንቢል ስንዝር ሲቀራት።

ሻጯ ቀና ሳትል፣ ዝንብ እያባረረች፣
«ስንት ኪሎ ይሁን?» ብላ ጠየቀች።