ስምንተኛዋ

ባለፈው ሳምንት ስልሳ ሰቅል ነበር፣
በጥጥ ተጠቅልሎ በሣጥን ሲከበር፤
ዛሬ በዓሉ ወጣ።
ከአፉላ ምኩራብ ደጅ፣ ከቆሻሻው በርሜል ጎን፣
ጫፋቸው የተሰበረ ሰባት ትርንጎ
በሻሿ ቋጥራ መጣች።

«ምን ሊሆን?»
«ለዶሮ ክንፍ።»

ልጣጩን ከትፋ ሦስቴ አፈላች፣ ሦስቴ ውሃውን ደፋች፣
ምሬቱ ይሂድ፣ ሽታው ይቅር ብላ።
ቴምር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የወይን ኮምጣጤ፣
በርበሬውን በማንኪያ ሳይሆን በዓይኗ ሰፍራ፣
ከጭልፋው ጫፍ እንደ ማር እስኪንጠለጠል
አማሰለች።

እኔ ከሰሉን በካርቶን አራግባለሁ፤
ስቡ ሲንጠባጠብ እሳቱ ይቆጣል፣
ቅቡ ክንፉ ላይ ይጠቁራል፣ ያብረቀርቃል፣
ጎረቤታችን አምሳለም በጭሱ ተስቦ ይመጣል።

አጥንቱን ጋጠ፣ ጣቱን ላሰ።
«ፍሬው ምንድን ነው?»
«ትርንጎ።»
«ማን ሠራው?»
«ትርንጎ።»
ያልሰማሁት መሰለው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።
ሠላሳ ዓመት «ሲጋል» ሲላት ኖሯል፣
አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጸሐፊዋ በሰጠቻት ስም።

እሷ ድስቱን በዳቦ እየጠረገች
«ትንሽ መሮኛል» አለች፤
«ለከርሞ አራቴ ነው የማፈላው።»