ቬትሪና

ፒያሳ እያለሁ፣ ወርቅ ቤቶቹ ሰፈር፣
ክንድ ከስንዝር ያህል ቬትሪናዬ ነበር።
አንዲት ሙሽራ መርጬ ጥር ላይ እሰቅላለሁ፣
ፀሐይ ስታገረጣት በሌላ እተካታለሁ።
ቀለበት ሊመርጡ የመጡት በሙሉ
እሷን አይተው ገብተው «ስንት ነው?» ይላሉ።
ሌላ ማስታወቂያ አላውቅም።

ሰፈሩ ፈረሰ። ሸራና መብራቴን ሸክፌ
ወጣሁ አራተኛ ፎቅ፣ ብሔራዊ ጀርባ አልፌ።
ሊፍቱ የሚሠራው ማክሰኞና ዓርብ፣
መንገደኛ አያየኝ፤ የሚያየኝ እርግብ።
ከታች ያለው ስቱዲዮ ድሮን አለው፣ ጭስ አለው፣
ሙሽራን እንደ ኖራ ያነጣል፤ አፍንጫው ሁሉ አንድ ነው።

የእህቴ ልጅ ሶስና ስልኬን ነጠቀችኝ፤
«ጋሼ፣ መንገዱ እዚህ ነው» ብላ አሳየችኝ።
«ዛሬ ሰው በእግሩ አይደለም የሚያልፈው፣
በአውራ ጣቱ ነው። ጣቱን ነው የምታቆመው።»
«ፎቶ አጥናፉና ልጆቹ» የሚለውን ሰረዘች።
(ልጆች የሉኝም። «ልጆቹ» ለወግ ነበረች።)
«ዋጋ ጻፍ፣ ሰዓት ጻፍ፣ አትደብቅ» አለችኝ፤
ዋጋን ከሰው ፊት ላይ ሳነብ ኖሬ፣ ቸገረኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካነሳሁት መሐል
ዘጠኝ ብቻ ምረጥ! ዘጠኝ እንዴት ይሆናል?
እኔ ያወጣሁት፦ ኬክ ሲቆረስ፣ ካባ ሲደረብ፣
ሊሞዚን በር ላይ ቬሎ ሲሰበሰብ።
ገፋችው። «ይሄ የሁሉም ሰው ነው» አለች፤
ከማልሸጠው ሣጥን ውስጥ እጇን ሰደደች፦
ዚፑ የተበጠሰባት ሙሽራ፤ ሚዜዋ ተንበርክካ
በጥርሷ ክር ስትቆርጥ፣ የሙሽራዋ ሳቅ ጣራ ሲነካ።
የሙሽራው እናት ጓሮ ብቻዋን ቆማ፣
ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ደስታው አዙሯት፣ ደክማ።
ደግሞም አንድ ድንኳን፤ ሕዝቡ ሲጨፍር፣
ትከሻ በትከሻ፣ አቧራው ሲሰክር።

«ከሥሩ ታሪኩን ጻፍ» ብትለኝ፣ ጻፍኩ፦ «ሙሽራ። ጥር።»
«ይሄ የመጋዘን መዝገብ ነው!» ብላ አስጀመረችኝ ከሥር።
«ያን ቀን ዘነበ? ማን አለቀሰ? መርፌውስ ከየት መጣ?»
ሳስታውስ፣ ከዘበኛው ኮሌታ ነበር መርፌው የወጣ።

ለቀቅናቸው።
በማግስቱ ቀይ ልብ በቀይ ልብ። ዘጠኝ መቶ።
«ላም አለኝ በሰማይ» አልኩ፣ ጾም ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶ።

ሐሙስ ማታ ደወለች አንዲት ሴት፣ ድምጿ የተዘጋ፤
ቀን አልጠየቀችኝም፤ አልጠየቀችኝም ዋጋ።
«ድንኳኑ ፎቶ ላይ፣ በግራ፣ ምሰሶው ጋ፣
ብርጭቆ የያዘው ሽማግሌ አባቴ ነው።
ከመታወቂያው ሌላ ፎቶ የለውም፤
መታወቂያው ላይ ደግሞ አይስቅም።
እዚህ ግን ጥርሱ ይታያል። ከሞተ አምስት ዓመቱ።
ማጉላት ይቻላል ወይ? ቢደበዝዝም ፊቱ።»

ኔጋቲቩን ስፈልግ ነጋ። ያን ሰው አላየሁትም ነበር፤
ሙሽሮቹን ሳነጣጥር የገባ ነው ከዳር።
እንዲያውም ልቆርጠው ያሰመርኩት የእርሳስ መስመር
ዛሬም አለ፣ ከትከሻው ሥር።

ቅዳሜ አራቱን ፎቅ በእግሯ ወጣች፤ ሊፍቱ ቆሟል፤
ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤ ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል።
አላለቀሰችም።
አውራ ጣቷን ከጉንጩ ጎን አሳረፈች፤
አላንቀሳቀሰችም።

ሶስና ከበር ላይ ስልኬን ታወዛውዛለች፤
«ጋሼ! የዳግማይ ትንሣኤ ሙሽሮች! ዋጋ ስንት ነው ይላሉ!» ትላለች።
እኔ፣
ጣቷን እያየሁ፣
«ቆይ» አልኩ።