እረፊ

ሰኞ፣ ሠንጠረዡ ላይ አንድ ቃል ብቻ፦ እረፊ።
ዘጠኝ ወር ሙሉ «ዋኚ፣ ንጂ፣ ሩጪ» ሲል የከረመ ወረቀት
ጣቱን ቀሰረብሽ እንደ እናት፤
እንደ ረባሽ ልጅ ተቆጣሽ፣ ባንድ ቃል፣ በድንገት።

አንቺ ግን፣ ሮንዌን፣ ማረፍ መቼ ታውቂበታለሽ?
ፈቃድ ወጥተሽ እንኳ ከፖስታ ቤቱ
ባዶ ቦርሳ አንግተሽ አየሁሽ፣ ስትወጪ በዳገቱ።
ውሻው ራሱ ግራ ገባው፤ ደብዳቤ የሌላት ፖስተኛ!
ማንን ብሎ ይጩኽ? ዞሮ ተኛ።

እኔማ ዐረፍኩ።
አትደንግጪ፤ በቁሜ ነው።
ከበግ ጋር ያገናኘኝ ያ እርጥብ መታጠፊያ
ብስክሌቴን ወደ ቦይ፣ እኔን ወደ አጥር ጣለን በአንድ ግፊያ።
ትከሻዬ ሁለት ቦታ ሲሰበር፣ በጉ ማመንዠኩን አላቋረጠም፤
«ደህና ነህ ወይ ኢድወል?» ብሎ አልጠየቀም።
ይኸው መስኮት ዳር አለሁ፣ ክንዴን እንደ ሕፃን አቅፌ፣
የቀዘቀዘ ሻይ ፊት፣ ያለ ፍላጎቴ ዐርፌ።

ጥር ላይ፣ የቴንቢ ውሃ ሰባት ዲግሪ ሳለ፣
ከንፈርሽ ጠቁሮ፣ ጥርስሽ እየተንቀጫቀጨ
«ለመሆኑ ማነው ያሳመነኝ?» አልሽ።
እኔው ነበርኩ። ሳልመልስልሽ ዋኘሁ።

ማክሰኞ ደወልሽ፦ «ጉልበቴን፣ ግራውን።»
ረቡዕ ደወልሽ፦ «አሁን ደግሞ ቀኙን።»
ሐሙስ ጉሮሮሽ ሆነ።
ሕመም እኮ፣ አልኩሽ፣ የሚከራይ ቤት አጥቶ በየበሩ ሲያንኳኳ ነው፤
ዝም በዪው።
እሑድ ያለጥርጥር ይመጣል፤ ያኔ ማንኳኳትም አያሻው፣
ቁልፍ አለው።

ማታ ወለሉ ላይ ዕቃሽን ዘረገፍን።
ሰማያዊው ከረጢት ለብስክሌቱ፣ ቀዩ ለሩጫው፤
ሁለት ከመነዳሪ፣ መንፊያ፣ የጨው ክኒን፣
ላንገትሽ፣ የጎማው ልብስ እንዳይልጠው፣ ቫዝሊን፤
እና ደረቅ ካልሲ። ሌላው ቢረሳ ይረሳ፤
መቶ ሰማንያ ኪሎሜትር ነድታ የወረደች ሴት
ከደረቅ ካልሲ በቀር የምታምነው የላትም፣ እኔንም ጨምሮ።
ከተትሽ። አውጥተሽ ቆጠርሽ። ደግሞ ከተትሽ።
ሦስተኛውን ሰሐን ፓስታ፣ ግብር እንደሚከፍል ሰው፣
ፊትሽን አጨማደሽ በላሽ።

ዓርብ ቁጥር ልንቀበል ተሰለፍን፣ አንቺ ፊት፣ እኔ ኋላ።
ልጁ የታሰረ ክንዴን አየና
«አባት፣ እርስዎም?» አለኝ፤
«አይ፣ ልሰናበተው ነው» አልኩት። ሰጠኝ።
አንድ ሺህ አራት መቶ ሰባት።
አንድ እርምጃ ያልሮጠ ቁጥር፣ እንዴት ይከብዳል!
ዘወር ስል አየሁሽ፣ ቀዩ ከረጢት ውስጥ ልትከቺው።
አይሆንም፤ መልሺው።
ከባድ ነኝ። ሰው አዝሎ ይህን ዳገት የሚወጣ የለም።
በኔ ፋንታ ጨው ጨምሪ፤
እኔ የምውልበት አላጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደቡ ወረድን። ባሕሩ ሸሽቶ
ጀልባዎቹን አሸዋ ላይ ጥሏቸዋል፣ በየጎናቸው አስተኝቶ።
ገመዳቸው ረግቧል። አንዷም አትጨነቅም፤
ውሃው ቢቀርስ ብላ አትጠይቅም።
ቆመሽ አየሻቸው፣ ብዙ ጊዜ።
እግርሽ መቁነጥነጡን ተወ፣ በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።
እኔም ትከሻዬን ረሳሁት፤ ለትንሽ።

እሑድ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ከመንገዱ ማዶ መብራትሽ በርቷል።
ደግሞ እየቆጠርሽ ነው፣ ዐውቃለሁ፣ ያንን ካልሲ።
ስሚኝ፤ ከባሕር ስትወጪ፣ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ
ጫማሽን በደህናው እጄ ይዤ እቆማለሁ፤
«ጎበዝ» አልልም፣ «አይዞሽ» አልልም፣ ትንፋሼ አይበቃም ለዚህ ሁሉ፤
አንዲት ቃል ብቻ እጮኻለሁ፦
አትረፊ!

እስከዚያው ግን መብራቱን አጥፊ።
ጀልባዎቹ ገና ተኝተዋል።